በቶኪዮ የውጭ አገር መምህራን ደመወዝና ኑሮ

በቶኪዮ የውጭ አገር መምህራን ታሪክ የሚጀምረው ከችግር ሳይሆን ከድሎት ነው። ከ1868ቱ (እ.ኤ.አ.) የሜይጂ ለውጥ በኋላ የጃፓን መንግሥት የምዕራቡን ዕውቀት ቶሎ ለመቅሰም ከአውሮፓና ከአሜሪካ መምህራንን፣ መሐንዲሶችንና ሐኪሞችን ቀጠረ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሆላንድ ተወላጅ ሚስዮናዊ ጊዶ ቨርቤክ በወር 600 የን ይከፈለው ነበር፤ በዚያው ዘመን የመንግሥቱ ቁንጮ ሹም ሳንጆ ሳኔቶሚ የሚያገኘው 800 የን ነበር። እንዲህ ያለ ወጪ የሚዘለቅ ስላልሆነ መንግሥት የራሱን ወጣቶች ወደ ውጭ ልኮ እያስተማረ የባዕዳኑን ወንበር ያስረክባቸው ጀመር።

የዚህ ለውጥ ጥሩ ማሳያ ደራሲው ላፍካዲዮ ኸርን ነው። በ1890 ማትሱዌ በምትባል የገጠር ከተማ በወር 100 የን ማስተማር ጀምሮ፣ በ1896 ቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደመወዙ 400 የን ደረሰ። በ1903 ተሰናበተ፤ በቦታው ከተተኩት መካከል ከለንደን የተመለሰው ናትሱሜ ሶሴኪ ይገኝበታል። ዩኒቨርሲቲው ለሶሴኪ የቆረጠለት 800 የን ነበር፤ ያውም በዓመት።

የዛሬው ዓይነት ኑሮ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ጃፓን በሀብት ስታብጥ እንግሊዝኛ መማር ፋሽን ሆነ፤ በየባቡር ጣቢያው አጠገብ የቋንቋ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መንግሥትም በ1987 «ጄት» የተባለውን የቋንቋ መምህራን ፕሮግራም ከአራት አገሮች በመጡ 848 ወጣቶች ጀመረ። በግል ትምህርት ቤቶች 250,000 የን የተለመደው የወር ደመወዝ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታትም ከዚያ ፈቀቅ አላለም። ብዙ ቀጣሪዎች የሥራውን ሰዓት በሳምንት 29 ሰዓት ተኩል ላይ ያቆሙት ነበር። ሠላሳ ከሞላ ለማኅበራዊ ዋስትና የመክፈል ግዴታ ይመጣል ብለው ስለሚሰጉ ነው።

ደመወዙን ቀድሞ የሚያሟጥጠው ቤት ነበር። ተከራይ በመጀመሪያው ቀን የአንድ ወር ኪራይ፣ የአንድ ወይም የሁለት ወር መያዣ፣ የደላላ ክፍያ፣ ከዚህም በላይ «ሬይኪን» የሚባል የማይመለስ የምስጋና ገንዘብ ለአከራዩ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ድምሩ የአራት ወይም የአምስት ወር ኪራይ ይሆናል። ጃፓናዊ ዋስም ማቅረብ ነበረበት፤ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ብዙዎች ወጥ ቤትና መታጠቢያ በጋራ በሚጠቀሙባቸው፣ መያዣ በማያበዙ የባዕዳን ማደሪያዎች ይጀምሩ ነበር። የግል ክፍል ያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ስድስት የታታሚ ምንጣፍ የምታስነጥፍ፣ አሥር ካሬ ሜትር የማትሞላ ክፍል ናት። ፍራሹ ጠዋት ተጣጥፎ ቁም ሣጥን ይገባል፤ ማታ ተመልሶ ይዘረጋል። የባቡሩን ወርኃዊ ትኬት ግን ብዙውን ጊዜ ቀጣሪው ስለሚችል፣ ኪራይ ረከስ ወደሚልበት ወደ ከተማዋ ዳር መውጣት ያዋጣ ነበር። ለእራት ደግሞ ሱፐርማርኬቶች ሊዘጉ ሲሉ በተዘጋጀ ምግብ ላይ የሚለጥፉት የግማሽ ዋጋ ምልክት አለ፤ በየትኛው ሱቅ በስንት ሰዓት እንደሚለጠፍ ማወቅ ከቁጠባው ጥበብ አንዱ ነበር።

ቤትን ከቀጣሪ መቀበል ያለው አደጋ በ2007 ታየ። በ1981 ኦሳካ ውስጥ የተመሠረተውና የአገሪቱ ትልቁ የቋንቋ ትምህርት ቤት የነበረው ኖቫ በጥቅምት ወር ሲከስር፣ 4,000 ያህል የውጭ መምህራን ደመወዛቸው ተቋረጠ። ኩባንያው ኪራይ ከደመወዛቸው እየቆረጠ ለአከራዮች ሳይከፍል ቀርቶ ስለነበር፣ አንዳንዶቹ ቤታቸውን እንዲለቁ ተነገራቸው። ለምግብ ሲሉ ለማስተማር የቀረቡም ነበሩ።

ያም ሆኖ ባለበት የቆመው ደመወዝ ለረጅም ጊዜ የሚያኖር ነበር፤ የ1990ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ የዕቃውንም ዋጋ አብሮ አቁሞት ነበርና። የከፋው የዩኒቨርሲቲ ብድሩን በዶላር ለሚከፍለው ነው። በ2011 አንድ ዶላር ከ80 የን በታች ወርዶ ሳለ 250,000 የን ከ3,100 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ ዶላሩ 160 የን በደረሰበት በ2024 አጋማሽ ግን 1,560 ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። ጄት የጀማሪ መምህራኑን ዓመታዊ ደመወዝ ከ3,360,000 ወደ 4,020,000 የን ያሳደገው በሚያዝያ 2025 ነው።