የአኪራ ኩሮሳዋ ውርስ ፊልሞች

ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ (1910–1998) ከሠራቸው 30 ፊልሞች መካከል ብዙዎቹ የተነሡት ከሌላ ሰው ድርሰት ነው። ከሼክስፒር ተውኔቶች፣ ከሩሲያ ልብ ወለዶች፣ ከጃፓን አጫጭር ታሪኮችና ከአሜሪካ የወንጀል መጻሕፍት የወሰደውን በአገሩ ምድር ላይ፣ በአገሩ ሰዎች አኗኗር ውስጥ አስቀምጦታል። የታሪኩን አጥንት ይዞ ቃሉን ሲተው ድንቅ ፊልም ሠርቷል፤ ለመጽሐፉ ሲያጎበድድ ግን ወድቋል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያ ፊልሙ «ሳንሺሮ ሱጋታ» (1943) የአንድ ጁዶ ተጫዋች ታሪክ ሲሆን መነሻው የጹኔዮ ቶሚታ ልብ ወለድ ነው። ኩሮሳዋ የመጽሐፉን ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ እንዳየ፣ ገና ሳያነበው፣ ስቱዲዮው የፊልም መብቱን እንዲገዛ ወትውቷል። ቀጥሎም «ካንጂንቾ» የተባለውን የካቡኪ ተውኔት በ1945 ወደ ፊልም መለሰው፤ ፊልሙ ታግዶ ቆይቶ ለሕዝብ የታየው ግን በ1952 ነው።

ዓለም ያወቀው በ«ራሾሞን» (1950) ነው። ፊልሙ ሁለት የሪዩኖሱኬ አኩታጋዋ አጫጭር ልብ ወለዶችን ያጣምራል። ከአንደኛው የተወሰደው በዝናብ የሚደበደበው የፈረሰ የከተማ በር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከሌላው የመጣው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ነው፦ ጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ሞቶ ተገኝቷል፤ ሽፍታው፣ ሚስትየዋና በጠንቋይ አፍ የሚናገረው ሟች ራሱ የሚሰጡት ቃል እርስ በርሱ ይጋጫል። የፊልሙን ጽሑፍ መጀመሪያ ያረቀቀው ያኔ ስሙ ያልታወቀው ሺኖቡ ሃሺሞቶ ነበር። የእንጨት ቆራጩ የዓይን ምስክርነትና መጨረሻ ላይ የተጣለው ሕፃን በድርሰቶቹ ውስጥ የሉም። ሕፃኑ የገባው ታሪኩ በተስፋ መቁረጥ እንዳያልቅ ነው፤ ይህ ጭማሪ የአኩታጋዋን ምሬት አለስልሶታል የሚሉ አሉ፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። ፊልሙ በ1951 በቬኒስ ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ ሽልማት አገኘ።

በዚያው ዓመት የወጣው «ጅሉ» ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ኩሮሳዋ ከደራስያን ሁሉ አብልጦ የሚወደው ዶስቶየቭስኪን ነበር። የእሱን ልብ ወለድ ታሪክ ከሩሲያ ወደ በረዷማው የሆካይዶ ደሴት አዛወረው፤ የቀረውን ግን ሳይነካ ለማቆየት ታገለ። የመጀመሪያው ቅጂ 265 ደቂቃ ይረዝም ነበር። ሾቺኩ የተባለው ስቱዲዮ ወደ 166 ደቂቃ አሳጠረው፤ የተቆረጠውም ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኩሮሳዋ፣ መቁረጥ ካማራችሁ ፊልሙን በቁመቱ ሰንጥቁት ብሎ መናደዱ ይነገራል። ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በስቱዲዮው መቀስ ላይ መጫን አያስኬድም። ለልብ ወለድ የሚመቸው ረጅም ንግግር እስክሪን ላይ ከብዶ ተቀምጧል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው በ«ማክቤዝ» ላይ የተመሠረተው «የደም ዙፋን» (1957) ነው። እዚህ ከሼክስፒር ቃል አንድ መስመር እንኳ የለም። ስኮትላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ወዳመሳት ጃፓን ተለውጣለች፤ ሦስቱ ጠንቋዮች ጫካ ውስጥ እንዝርት በምታሾር አንዲት አሮጊት መንፈስ ተተክተዋል። ኩሮሳዋ ለትወናው የተጠቀመው ኖህ የተባለውን ጥንታዊ የጃፓን ቲያትር ነው። የሌዲ ማክቤዝን ቦታ የያዘችው ኢሱዙ ያማዳ ፊቷ እንደ ጭንብል የረጋ ነው፤ ስትራመድ የሚሰማው የሐር ልብሷ ኮሽታ ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ ያስፈራል። በተውኔቱ ማክቤዝን የሚገድለው ማክደፍ ነው፤ በፊልሙ ግን ቶሺሮ ሚፉኔ የተወነውን መስፍን የገዛ ወታደሮቹ በቀስት ይበሳሱታል። ያን ትዕይንት ለመቅረጽ እውነተኛ ፍላጻዎች ስለተወረወሩ በሚፉኔ ፊት ላይ የሚታየው ድንጋጤ ሁሉ ትወና አይደለም።

በዚያው ዓመት የማክሲም ጎርኪን ተውኔት «በታችኛው ዓለም» ወደ ኤዶ ዘመን ድሆች ሰፈር ወሰደው። «ክፉዎች በሰላም ይተኛሉ» (1960) ከ«ሐምሌት» ይቀራረባል፤ «ቀይ ጢም» (1965) ደግሞ የሹጎሮ ያማሞቶን ታሪኮች ከዶስቶየቭስኪ በተወሰደች አንዲት ልጅ ታሪክ ያጣምራል።

ታላቅ ሥራ ለመሥራት ታላቅ መጽሐፍ እንደማያስፈልግ የሚያሳየው «ገነትና ሲኦል» (1963) ነው። መነሻው ኤድ ማክቤይን በ1959 ያሳተመው የፖሊስ ልብ ወለድ ነው። ወንጀለኞች የሀብታሙን ልጅ ያገቱ መስሏቸው የሾፌሩን ልጅ ወስደዋል። የመጽሐፉ ባለጸጋ ለሌላ ሰው ልጅ ቤዛ አልከፍልም ይላል። የኩሮሳዋው የጫማ ፋብሪካ ሹም ጎንዶ ግን ተሟግቶ፣ ተጨንቆ፣ በመጨረሻ ከፍሎ ይደኸያል። የፊልሙ አጋማሽ ገደማ የሚካሄደው ኮረብታ ላይ ባለው ቪላ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ድንገት ወደ ባቡር፣ ቀጥሎም ወደ ዮኮሃማ ሙቀትና ጎስቋላ ሰፈሮች እንወርዳለን። በጥቁርና ነጭ በተሠራው ፊልም ውስጥ ከአንድ ጭስ ማውጫ ብቻ ሮዝ ጭስ ይታያል፤ የወንጀለኛው ዱካ የሚገኘውም በእሱ ነው።

«ራን» (1985) «ንጉሥ ሊር»ን ሦስት ወንዶች ልጆቹን በሰበሰበው ሞሪ ሞቶናሪ አፈ ታሪክ ላይ ያስቀምጣል። ሼክስፒር የሊርን የቀድሞ ሕይወት አይነግረንም። ኩሮሳዋ ግን ለሽማግሌው መስፍን በጭካኔ የተሞላ ታሪክ ሰጠው፤ ቤተሰባቸውን ያጠፋባቸው ሰዎችም የገዛ ምራቶቹ ሆኑ። ስለዚህ መከራው ከልጆቹ ክህደት ብቻ የመጣ ሳይሆን የገዛ እጁም ፍሬ ነው። በዚህ ረገድ ኩሮሳዋ ሼክስፒርን ሞግቶታል ማለት ይቻላል። የልብስ ንድፍ ባለሙያዋ ኤሚ ዋዳ በፊልሙ ኦስካር ተሸልማለች።

የኩሮሳዋ ፊልሞች በተራቸው ለሌሎች ምንጭ ሆነዋል። ሰርጂዮ ሊዮኔ «ዮጂምቦ»ን (1961) ያለ ፈቃድ በ1964 ካውቦይ ፊልም ሲያደርገው ቶሆ የተባለው የጃፓን ፊልም ኩባንያ ከሶት ጉዳዩ በክፍያ ተቋጨ። «ዮጂምቦ» ራሱ ለዳሺል ሃሜት የወንጀል ልብ ወለዶች ባለዕዳ መሆኑን ስናስብ ክሱ ፈገግ ያሰኛል። በቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ተነሣሥቶ የሠራውን «ኢኪሩ» (1952) ደራሲው ካዙኦ ኢሺጉሮ በ2022 ለእንግሊዝ ፊልም እንደገና ጽፎታል። «ገነትና ሲኦል»ን ደግሞ ስፓይክ ሊ በዴንዘል ዋሽንግተን መሪ ተዋናይነት ወደ ኒው ዮርክ አዛውሮ በ2025 ለዕይታ አብቅቶታል።