ሐረር የጠጣችው ሐይቅ

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐረርን በግንብ ሲያሳጥሩ፣ የሚጠጣው ውሃ ከግንቡ ውጭ ቀረ። ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ገብተው ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ወጡ፤ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. ያዟት። ገዥ ሲፈራረቅባትም ከተማዋ የሌላውን መሬት ውሃ መጠጣቷ አልቀረም።

ጀጎል የሚባለውን ይህን ግንብ አልፋ ስትሰፋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ደረሰላት። በ1970ዎቹ 8 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው። ከእርሱ ሐረር ትጠጣ ነበር፣ የአወዳይ ከተማ ትጠጣ ነበር፣ ዳርቻው ላይ የተተከለው የእርሻ ኮሌጅም ይጠጣ ነበር። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ደን ተመንጥሮ ሲታረሱ ክረምቱ አፈራቸውን ጠርጎ ሐይቁን በደለል ሞላው። ጫት ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ በበጋም የሚያጠጡ ሞተር ፓምፖች ዳርቻውን ከበቡት። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ይህ ጫት አብቃይ ገበሬ ነው። ወቀሳው ግን ጎደሎ ነው፤ ልጆቹን የሚያሳድግበት ሌላ ገቢ ማን ሰጠው? ቧንቧ የዘረጋችው ከተማስ ለኮረብታው አንድ እርከን ሠርታለት ነበር?

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ወለሉ ላይ ከብት ተሰማራ፤ ገበሬውም እዚያው ጉድጓድ እየቆፈረ ፓምፑን ተከለ። ሐረር ውስጥ ቧንቧው ነጥፎ ኑሮ በቦቴና በጀሪካን ሆነ። ያኔ ከተማዋ የዓለም ቅርስ ሆና ልትመዘገብ የቀራት ጥቂት ጊዜ ነበር።

መፍትሔው ድሬዳዋ አጠገብ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች 75 ኪሎ ሜትር ያህል የተሳበው መስመር ሆነ። ውሃው ከቆላው ተነሥቶ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሐረር ይገፋል፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ምንጩ አሁንም ሐረር ካለችበት ክልል ወሰን ውጭ ነው።

እንደ ሐረር ውሃዋን ከሌላ መሬት የምታመጣው ኒውዮርክ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግዙፍ ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ውሃዋ በሚመነጭበት ተራራ ለሚኖሩ ገበሬዎች ገንዘብ መክፈልን መርጣለች። የሐረር ሀብት ከእርሷ ጋር አይነጻጸርም፤ ውሃውን ለሚጠብቅላት ገበሬ ያለባት ዕዳ ግን አንድ ዓይነት ነው።

የሐረማያ ሐይቅ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ይዟል። ዝናቡም፣ በኮረብቶቹ ላይ የተሠራው እርከንና የተተከለው ችግኝም ረድተዋል። አሁን የሚያስፈልገው ከሐረር፣ ከአወዳይና ከሐረማያ ከተሞች የውሃ ሂሳብ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተቀንሶ ለእርከኑና ለችግኙ ጠባቂዎች የሚከፈልበት፣ የፓምፑም ቁጥር ከገበሬው ጋር ተመክሮ የሚወሰንበት፣ ሐረር ያለችበትና ሐይቁ ያለበት ሁለቱ ክልሎች የሚፈርሙት ውል ነው። መፈረም ያለበትም ሐይቁ ሙሉ ሳለ ነው።