የአልትራሳውንድ ሥዕል በሰው አካል ትምህርት፤ አመጣጡና አገባቡ

የሰው አካል አወቃቀር ትምህርት ለብዙ ዘመናት የተመሠረተው በአስከሬን ላይ ነው። ቬሳልዩስ እ.ኤ.አ. በ1543 ታላቁን መጽሐፉን ያሳተመው በገዛ እጁ አስከሬን እየከፈተ ያየውን በማስፈር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተቋቋሙት የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። ይሁን እንጂ አስከሬን የማያሳየው ነገር አለ። የልብ ቫልቮች አይከፈቱም፣ ደም አይፈስም፤ ትንፋሽ ሲሳብ ጉበት ዝቅ ሲል አይታይም። አልትራሳውንድ ወደ መማሪያ ክፍል የገባው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

መሣሪያው በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል። ድምፁ አንዱ የአካል ክፍል ከሌላው በሚዋሰንበት ሥፍራ ነጥሮ ሲመለስ፣ የመመለሻው ጊዜ ተለክቶ ሥዕል ይሆናል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ለመምህራን የሚጠቅም ስሕተት በውስጡ ይዟል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ዱሲክ እ.ኤ.አ. በ1942 ድምፅን በራስ ቅል ውስጥ በማሳለፍ አንጎልን ስለመመርመር ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በኋላ ያሳያቸው ሥዕሎች በአንጎል ውስጥ ያሉትን ፈሳሽ ያዘሉ ክፍተቶች በእርግጥም ይመስሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ግን ሥዕሉን ያመጣው በይበልጥ የራስ ቅሉ አጥንት ውፍረት መለያየት መሆኑ ተደረሰበት። ዱሲክ የጠበቀውን አየ።

የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው የማኅፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ የሄደበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 በቀዶ ጥገና የወጡ ዕጢዎችን በመኪና ጭኖ ሬንፍሩ ወደሚገኝ የእንፋሎት ጋን ፋብሪካ ወሰደ። በዚያም በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ በሚፈለግበት መሣሪያ ዕጢዎቹን መረመረ፤ ለማነጻጸሪያም የበሬ ሥጋ ቀረበለት። የትኛው ዕጢ ፈሳሽ የቋጠረ፣ የትኛው ድፍን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበረ፣ የድምፁን መልስ ከእውነቱ ጋር ለማስተያየት ቻለ። ከማክቪካርና ከመሐንዲሱ ብራውን ጋር ያዘጋጀው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1958 በላንሴት መጽሔት ታተመ።

ጥበቡ ወደ አናቶሚ ትምህርት ለመዝለቅ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። በጀርመን የሐኖቨር የሕክምና ትምህርት ቤት መምህራን ስለ አጠቃቀሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ጽፈዋል፤ በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአራቱም የሕክምና ትምህርት ዓመታት ውስጥ አስገብቶታል። ዕቅድ አውጪዎች መሣሪያውን ከመግዛታቸው በፊት ሥዕሉን አንብቦ የሚያስረዳ መምህር ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል፤ መሣሪያው በየጊዜው እየረከሰ ሲሄድ፣ የሠለጠነ ዐይን ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኝም። አጥንትና አየር ድምፁን ስለሚከለክሉም፣ ሳንባንና የዐዋቂን አንጎል የሚመለከተው ትምህርት ከአስከሬን ሊላቀቅ አይችልም።

አንገት ግን ለመነሻ የተመቸ ነው። ተማሪው በአስከሬን ላይ ጎን ለጎን ያያቸውን ትልቁን የደም ቅዳና ትልቁን የደም መልስ በጓደኛው አንገት ላይ ይፈልጋል። እጀታውን ጥቂት ጫን ሲያደርገው የደም መልሱ ይጨፈለቃል፤ የደም ቅዳው ግን መምታቱን ይቀጥላል።