አይጧን የያዘው እጅ፦ ከቤተ ሙከራ እንስሳት አያያዝ ታሪክ



የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ። ነገሬን የምጀምረው ከራሴ የተማሪነት ዘመን ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት ሕመም ያስታግሣል በሚባል አንድ የመድኃኒት ተክል ላይ ነበር። ከቅጠሉ የወጣውን ንጥረ ነገር ለነጭ አይጦች እሰጣለሁ፤ ከዚያም በሞቀ ሳህን ላይ አስቀምጬ እግራቸውን እስኪልሱ ድረስ የሚያልፈውን ሰከንድ እቆጥራለሁ። አይጥ እንዴት እንደሚያዝ የተማርሁት በአንድ ደቂቃ ነው፤ ጅራቷን ይዞ ማንሣት። አይጧ በአየር ላይ ትንፈራገጣለች፣ ትሸናለች፣ አንዳንዴም ትነክሳለች። እኛም የአይጥ ጠባይ ነው ብለን እናልፈዋለን።

በዚያ ቤተ ሙከራ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት የእንስሳት ተንከባካቢ ነበሩ። ሳጥን ሲያጸዱ አይጦቹን በጅራት አያነሡም፤ ሁለት እጃቸውን እንደ እፍኝ አድርገው ዝቅ ያደርጋሉ፣ አይጦቹም ራሳቸው ይወጡበታል። «ጋሼ፣ ጊዜ አይፈጅብዎትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ካልፈሩኝ ምን ጊዜ ይፈጃል ልጄ» አሉኝ። ነገሩን እንደ ደግነት እንጂ እንደ ዕውቀት አልቆጠርሁትም። በማስታወሻ ደብተሬ የመድኃኒቱን መጠን፣ የአይጧን ክብደትና ሰዓቱን መዝግቤአለሁ፤ ማን እንደያዛትና እንዴት እንደያዛት ግን አንድም ቦታ አልጻፍሁም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ሳይጻፍ ስለቀረው መስመር ነው።

ስለ እንስሳት ሙከራ ሥርዓት ማሰብ የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ማርሻል ሆል በ1831 አምስት መርሆችን አቅርቦ ነበር። በምልከታ ብቻ ሊታወቅ የሚችል ነገር በሙከራ አይፈለግ፤ ግልጽ ዓላማ የሌለው ሙከራ አይደረግ፤ የተደረገው ያለ በቂ ምክንያት አይደገም፤ ሥቃዩ በተቻለ መጠን ይቀነስ፤ ሙከራው ምስክር ባለበት ይከናወን የሚሉ ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህ የተባለው ኤተር በ1846 በቦስተን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት በይፋ ከመታየቱ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1876 ደግሞ ብሪታንያ በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ የሚደረግን ሙከራ በፈቃድ የሚያስተዳድር ሕግ አወጣች።

ከዚህ ሕግ በፊትም ሆነ በኋላ ብርቱ ክርክር ነበር። ተቃዋሚዎች ስለ ርኅራኄ፣ ደጋፊዎች ስለ ሳይንስ ጥቅም ይናገሩ ነበር። እንደ እኔ አመለካከት ግን አብዛኞቹ ተከራካሪዎች ሳያውቁት በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ የእንስሳው ሥቃይ የሕሊና ዕዳ እንጂ የሳይንስ ዕዳ አይደለም በሚለው። ይህ ግምት እንዴት እንደተናደ ማየት የዚህ ታሪክ ዋና ቁም ነገር ነው።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከአንድ የእርባታ ስፍራ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ግራንቢ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አቢ ላትሮፕ የተባለች የቀድሞ መምህርት አይጦችን እያረባች ትሸጥ ነበር። ለመጫወቻነት የጀመረችው እርባታ ውሎ አድሮ ለተመራማሪዎች ማቅረቢያ ሆነ። ላትሮፕ የእያንዳንዱን ዘር ሐረግ ትመዘግብ ነበር። በአንዳንዶቹ ቆዳ ላይ እብጠት ስታይም ዝም ብላ አላለፈችውም፤ ለሊቃውንት ላከችው። ሊዮ ሎብ የተባለው የካንሰር ተመራማሪ ዕጢው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ሁለቱም ተባብረው ጥናት አሳተሙ። ላትሮፕ በ1918 አረፈች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሁሉ በላይ ለምርምር ከሚውሉት አንዱ የሆነው ሲ57 ጥቁር የአይጥ ዘር መነሻው የእርሷ እርባታ ነው። ግኝቱን ያስገኘው ዕለት ዕለት እንስሳቱን የምታይ ዓይንና ያየችውን የምትጽፍ እጅ ነበረች።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሎንደን ነው። በ1926 ቻርልስ ሂዩም በሎንደን ዩኒቨርሲቲ ለእንስሳት ደኅንነት የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ስሜትን ከማነሣሣት ይልቅ በሳይንሳዊ ዕውቀት መሥራትን መረጠ፤ በ1947ም የቤተ ሙከራ እንስሳትን አያያዝ የሚያስረዳ መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም ለሁለት ወጣት ተመራማሪዎች፣ ለዊልያም ራስልና ለሬክስ በርች፣ የሙከራ ስልቶችን እንዲያጠኑ አደራ ሰጠ። የጥናታቸው ፍሬ በ1959 በመጽሐፍ መልክ ወጣ።

መጽሐፉ ሦስት መርሆችን አቆመ፦ መተካት፣ መቀነስና ማሻሻል። በሚቻልበት ሁሉ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፤ የማይቻል ከሆነ የእንስሳቱን ቁጥር መቀነስ፤ ከቀሩት ላይ ደግሞ ሥቃይን የሚያቃልል ስልት መጠቀም። ብዙዎቻችን መርሆቹን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከቻ ስንሞላ እንደ ጸሎት በቃል እንደግማቸዋለን። የምንዘነጋው ግን የመጽሐፉን ሙግት ነው፤ የተጨነቀ እንስሳ የተዛባ ውጤት ይሰጣል፣ ስለዚህ ርኅራኄ ያለው ሙከራና የተሳካ ሙከራ ተቃራኒዎች አይደሉም የሚለውን። መጽሐፉ ለሃያ ዓመት ያህል ሰፊ ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። ኋላ ግን መርሆቹ የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ላወጣው መመሪያ መሠረት ሆኑ።

የመቀነስን ፍሬ እኛም በቅርብ እናውቀዋለን። ከ1927 ጀምሮ የአንድ ንጥረ ነገር መርዛማነት ይለካ የነበረው ግማሾቹን እንስሳት የሚገድለውን መጠን በመፈለግ ነበር፤ ለዚህም ብዙ እንስሳት ያልቁ ነበር። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ይህን ስልት ያጸና የነበረውን መመሪያ ቁጥር 401 በ2002 ሰረዘ። በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠሩ ተማሪዎቻችን ዛሬ የሚጠቅሱት መመሪያ ቁጥር 425 በአንድ እንስሳ ጀምሮ፣ ውጤቱን አይቶ ወደሚቀጥለው የሚሻገር ነው።

ወደ አይጧ ጅራት ልመለስ። በ2010 ጄን ኸርስትና ርብቃ ዌስት የተባሉ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀላል ጥያቄ አነሡ፤ አይጥን በምን ማንሣት ይሻላል? በጅራት የሚነሡት አይጦች ከሰው እጅ ይሸሻሉ፣ ጭንቀታቸውም ከፍ ያለ ነው። በእፍኝ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብተው የሚነሡት ግን በፈቃዳቸው ወደ እጅ ይቀርባሉ፣ ጭንቀታቸውም ይቀንሳል። በዚያው ዓመት በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጥን ሕመም ከፊቷ የሚያነቡበት መለኪያ አወጡ፤ ዓይኗ ሲጠብብ፣ አፍንጫዋና ጉንጯ ሲያብጥ፣ የጆሮዋና የጢሟ አቀማመጥ ሲለወጥ ነጥብ ይሰጣል። በ2014 ደግሞ የዚያው ቡድን ጥናት የወንድ ተመራማሪ ጠረን ብቻውን አይጦችን እንደሚያስጨንቅ፣ ጭንቀቱም ሕመማቸውን እንደሚሸፍን አሳየ። ወንድ የለበሰውን ካናቴራ አጠገባቸው ማስቀመጥ ብቻ በቂ ነበር።

ይህን ጥናት ያነበብሁ ዕለት የድሮውን ደብተሬን አወጣሁ። በዚያ ጥናት በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ አይጦች ውጤት እጅግ የተራራቀ ስለነበር ቁርጥ ያለ መደምደሚያ ላይ መድረስ አልቻልሁም ነበር። ጥፋቱን በቅጠሉ ላይ ጣልሁና ተክሉን ተውሁት። አንዳንድ ቀን አይጦቹን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ አንዳንድ ቀን የክፍል ጓደኛዬ ነች፤ አንዳንድ ቀን ጋሼ ናቸው። የትኛው ቀን የማን እንደነበረ ግን አልተጻፈም። ልዩነቱ ከቅጠሉ ይሁን ከእጃችን ዛሬ መለየት አልችልም። እነዚያ አይጦች የሞቱለት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል።

በእኛ አገር አቅም ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አየሩን የሚያጣራ ዘመናዊ ሳጥን ውድ መሆኑ እውነት ነው። ቁራጭ ቱቦ ግን ውድ አይደለም፤ እፍኝም ዋጋ የለውም፤ በደብተር ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ማስመርም ገንዘብ አይጠይቅም። ለምርምር የሚሆነን ገንዘብና እንስሳ ጥቂት በሆነ ቁጥር በፍርሃት የተበላሸ መረጃ የበለጠ ይጎዳናል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ወደ ቤተ ሙከራ ስትገቡ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አይጧን ማን እንደያዛትና እንዴት እንደያዛት ጻፉ። የእንስሳቱን ሳጥን የሚያጸዱትንም ሰው ምን እንዳዩ ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ከውጤታችሁ ጋር መዝግቡት።