ናሉባሌና እኛ፦ ከጋባ እስከ ሴሴ ደሴቶች



ካምፓላን ስናስብ አብዛኞቻችን የምናስበው ኮረብታዋን፣ ቦዳ ቦዳዋንና ካባላጋላን ነው። ከካባላጋላ ተነስተን በካንሳንጋና በቡንጋ በኩል የጋባን መንገድ ይዘን ቁልቁል ብንወርድ ግን መንገዱ የሚያልቀው ሐይቁ ላይ ነው። ቤታችን ቡና የምናፈላበት የቧንቧ ውሃም በአብዛኛው ከዚያው ከጋባ ተስቦ፣ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ በዚህች ከተማ ለዓመታት ኖረን ሐይቁን ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ያየን ጥቂቶች አይደለንም። ማኅበራችን የቤተሰብ የጀልባ ሽርሽር ሲያዘጋጅ ልጆቻችን በደስታ የሚዘሉት፣ ወላጆች ደግሞ ፍርሃት ፍርሃት የሚለን ለዚህ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንሄድበትን ውሃ ታሪክ በአጭሩ እናስታውሳለን። በመጨረሻም አንድ ጠበቅ ያለ ቃል እንጨምራለን።

ዓለም ቪክቶሪያ የሚለውን ሐይቅ ባጋንዳ ናሉባሌ ይሉታል። የቪክቶሪያን ስም የሰጠው በ1858 እ.ኤ.አ. ደቡባዊ ዳርቻውን ያየው እንግሊዛዊው ጆን ስፔክ ነው። ስፋቱ ወደ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ኬንያ ይካፈሉታል። የእኛ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ ከሃያ ጊዜ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው። ስፔክ በ1862 ጂንጃ ደርሶ ነጭ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ አየ። ያ ፏፏቴ በ1954 የኦወን ፏፏቴ ግድብ ሲመረቅ በውሃ ተውጦ ቀርቷል። ከጂንጃ የወጣው ውሃ ከጣና ከወጣው ዓባይ ጋር የሚገናኘው ካርቱም ላይ ነው። ስለዚህ እኛ ከአንደኛው ምንጭ ተነስተን በሌላኛው ምንጭ ዳር የሰፈርን ሰዎች ነን ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጀልባችን ከሙንዮንዮ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያልፈው የመርቺሰንን የባሕር ወሽመጥ ነው። ሙንዮንዮ ዛሬ የሆቴልና የሠርግ ቦታ ቢሆንም፣ በግንቦት 1886 እ.ኤ.አ. ካባካ ምዋንጋ ክርስትናን የተቀበሉ የቤተ መንግሥቱን አሽከሮች በሞት የፈረደባቸው እዚሁ ነበር። ፈራጁ ራሱ ግን ብዙም ሳይቆይ በ1888 ከዙፋኑ ወርዶ በዚሁ ሐይቅ ላይ ሸሸ። በ1889 ሲመለስም ሰፈሩን ያደረገው ከሙንዮንዮ ፊት ለፊት ባለችው በቡሊንጉግዌ ደሴት ነበር። በ1892 በሜንጎ ጦርነት ጊዜ ዳግመኛ ወደዚህችው ደሴት፣ ከዚያም ወደ ሴሴ ሸሽቷል። ልጆች ከጀልባው ሆነው ፎቶ የሚያነሷት አረንጓዴ ጉብታ የንጉሥ መደበቂያ ነበረች። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም የጦርነት ዘመን በመጣ ቁጥር ታቦቱና መጽሐፉ ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሽ እንደነበር፣ በዳጋ እስጢፋኖስም የነገሥታት አፅም እስከ ዛሬ ተጠብቆ እንደሚገኝ እናውቃለን።

ከቡሊንጉግዌ አልፈን በስተምዕራብ ደቡብ ብንጓዝ የሴሴ ደሴቶች ዘንድ እንደርሳለን። ቁጥራቸው 84 ነው ይባላል። ትልቋ ቡጋላ ስትሆን የካላንጋላ ከተማ ያለችው በእርሷ ላይ ነው። በመርከብ ለመሄድ የሚፈልግ ከእንቴቤ አጠገብ ካለው የናኪዎጎ ወደብ ተሳፍሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዞ ሉቶቦካ የባሕር ዳርቻ ላይ ይወርዳል። ነጭ አሸዋ፣ ከኋላ ደን፣ ከፊት ጸጥ ያለ ውሃ ያለበት ነው። በጥንቱ የባጋንዳ እምነት የሐይቁ አምላክ ሙካሳ ነው፤ ዋናው ቤተ መቅደሱም እዚሁ ቡቤምቤ በምትባል ደሴት ላይ ነበር።

እነዚህ ደሴቶች ግን አንድ ጊዜ ሰው አልባ ሆነው ነበር። በ1900 ገደማ በጼጼ ዝንብ፣ እኛ የቆላ ዝንብ በምንላት፣ የሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ በሐይቁ ዳር ተነስቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200,000 በላይ ሰው ጨረሰ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ አስተዳዳሪ የነበረው ሄስኬት ቤል የሐይቁ ዳር ነዋሪ ሁሉ ወደ ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። በ1909 ገደማ የሴሴም ሕዝብ ደሴቶቹን ለቆ እንዲወጣ ተደረገ። ለአሥር ዓመት ያህል ቤቱ ፈርሶ፣ ማሳው ደን ሆነ። ዛሬ «እንዴት ያለ ያልተነካ ደን ነው!» ብለን የምናደንቀው ከፊሉ ያኔ ሰው በመውጣቱ የበቀለ ነው። የሐይቁን ዳር ያስለቀቀው ሰው ስምም እስከ ዛሬ በካምፓላ ወደብ፣ በፖርት ቤል ላይ ይጠራል። አገር ለቀን ለመጣን ለእኛ ይህ ታሪክ ልብ ይነካል። የሴሴ ሰዎችም ከቤታቸው ሲወጡ መቼ እንደሚመለሱ የነገራቸው አልነበረም።

ልጆቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ደግሞ የንጋምባ ደሴት ነው። ከእንቴቤ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ በመንገድ ላይ የምድር ወገብን እንሻገራለን። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዳኞችና ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች እጅ የተረፉ ቺምፓንዚዎች የሚያድጉባት መጠለያ ናት። ደሴቲቱ የተመረጠችበት አንዱ ምክንያት ቺምፓንዚ ዋና ስለማይችል ውሃው ራሱ አጥር ስለሚሆን ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ሳቁ ግን እኛንም ይነካል፤ አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ስለሆንን በዋና ከእነርሱ ብዙም አንሻልምና።

ጠበቅ ያለ ቃል ያልነው እዚህ ላይ ነው። ኅዳር 24 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ልክ እንደ እኛ ለመዝናናት የወጡ ሰዎችን የጫነች ቴምፕላር የተባለች ጀልባ በሙኮኖ አውራጃ ከሙቲማ ዳርቻ አጠገብ ሰጠመች። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ እንደጫነችና ፈቃድ እንዳልነበራት ባለሥልጣናት ገለጹ። ብዙዎችን ያተረፉት ሙዚቃው ሲጠፋ ጩኸት ሰምተው የደረሱ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አደጋው የደረሰው ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ነው። በ2021 ኡጋንዳ አዲስ የውሃ ላይ ትራንስፖርት ሕግ አወጣች። ሕጉ ግን በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ ቆሞ አይጠብቀንም።

ስለ ዋናም እንነጋገር። ውሃው ንጹሕ ቢመስልም ብልሃርዚያ በሐይቁ ዳር በብዛት ይገኛል። ትሉ ከትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆየ ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። ቄጠማና ሣር የበዛበት፣ የማይንቀሳቀስ ጥልቀት የሌለው ውሃ የባሰ ነው። አሸዋማው ዳርቻም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም። ደግነቱ ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይታከማል። ስለዚህ ሐይቅ ውስጥ የገባ ሁሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ቢመረመር መልካም ነው። ከዚህም ሌላ ዳርቻው እንደ ድሮው አይደለም። በግንቦት 2020 የሐይቁ ከፍታ የ1964ን ክብረ ወሰን አልፎ ብዙ የመዋኛ ቦታዎችንና በዳር ያሉ ቤቶችን አጥለቅልቆ ነበር። አምና የነበረ አሸዋ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ በየሽርሽሩ እንዲከበር የምንለምነው ይህን ነው። ላይፍ ጃኬት ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ይልበስ። «እኔ ለክብሬ» የሚል አባት ካለ ልጁ እንደሚያየው ያስታውስ። ጀልባው ከሚፈቀደው በላይ አንድ ሰው እንኳ ቢጨመር፣ የእኛው ዘመድ ቢሆንም፣ ቀጣዩን ይጠብቅ። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ስለሚነሣ ጧት ወጥተን ሳይመሽ እንመለስ። ልጆቻችንንም በከተማው የመዋኛ ገንዳ ዋና እናስተምራቸው። ለአንድ ወር የሚከፈለው ክፍያ ከአንድ የልደት ድግስ ላይበልጥ ይችላል።

እንግዲህ ጀበናችንን ይዘን፣ በዳርቻው የተጠበሰውን ዓሣ በአዋዜ እየበላን፣ የውሃውን ታሪክ ለልጆቻችን እንንገር። ይህን ሐይቅ ልጆቻችን እንደ አገራቸው ያውቁታል፤ ጣናን ግን ብዙዎቹ ገና አላዩትም። የአንዱን ውሃ ታሪክ እየነገርን የሌላውን ናፍቆት እናሳድርባቸው። ለመጪውም በዓል ሁላችንም ሳንጎድል በሰላም እንድንገናኝ እንመኛለን።