የመስቀል፣ የሰንደቅ ዓላማና የዜማ ምልክቶች በዩኒኮድ ሠንጠረዥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐቢይ ጾም ወራት የአዋሽ አርባ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የጉባኤ ጥሪ በስልካቸው ጽፈው በቴሌግራም ላኩልን። ከጽሑፉ ራስጌ ላይ ☦ የሚል ምልክት ነበረበት። አንድ አረጋዊ ካህን ስልኬን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ከታች ያዘመመው እንጨት ምንድን ነው? የእኛ መስቀል እንዲህ ነው እንዴ?» አሉኝ። ልጆቹን ብጠይቃቸው «ስልኩ ‹የኦርቶዶክስ መስቀል› ብሎ የሚያወጣው እርሱን ነው» አሉ። አባታችንም ልጆቹም እውነታቸውን ነበር። እንዴት ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ስልካችን ፊደልንና ምልክትን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር ተሰጥቶታል። ይህን ቁጥር የሚመድበው እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተቋቋመው የዩኒኮድ ማኅበር ነው። በዐሥርዮሽ ስንቈጥር «ሀ» 4608 ነው። የከተማችን ስም ራሱ ቁጥር ስለ ሆነ ምሳሌው ቅርብ ነው፦ የአዋሽ አርባ «፵» ቁጥሩ 4981፣ የጎረቤታችን የአዋሽ ሰባት «፯» ደግሞ 4975 ነው። ከአዋሽ አርባ ወደ ሰመራ «፵» ብለን ስንልክ በአየር የሚሄደው 4981 ብቻ ነው። መልኩን የሚሥለው የተቀባዩ ስልክ ፎንት ነው። ቁጥሩና ሥዕሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ከዚህ በታች የምናነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ ይወጣልና።

ግዕዝ በሠንጠረዡ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች ፊደላቱን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አሰላለፍ ያስቀምጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ስብከት በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። የዚያን ዘመን ፍሎፒ ዲስክ ያስቀመጠ ሰው ዛሬም ይህን ያውቀዋል።

ማኅበሩ አንድ ጽኑ ሕግ አለው፦ አንድ ጊዜ የተመደበ ቁጥር አይሰረዝም፣ አይዛወርም፣ የምልክቱ ይፋዊ ስምም አይለወጥም። ☦ በ9766ኛው ቦታ «የኦርቶዶክስ መስቀል» ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተመዝግቧል። ቅርጹ በሩሲያና በሌሎች የስላቭ አብያተ ክርስቲያናት የሚታወቀው ነው። የላይኛው አጭር እንጨት ጲላጦስ ያስጻፈው ጽሕፈት የተሰቀለበት፣ ረጅሙ እጆች የተዘረጉበት፣ ያዘመመው የታችኛው ደግሞ እግር የቆመበት ነው፤ ከፍ ያለው ጫፍም ወደ ዳነው ወንበዴ፣ ወደ ፈያታዊ ዘየማን፣ ያመለክታል ብለው ይተረጉሙታል። ትርጓሜው መልካም ነው፤ መስቀሉም የክርስቶስ መስቀል ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከእኛ ጋር በአንድ ማኅበር የሌሉ ናቸው። ስለዚህ ምልክቱ ስሙ ኦርቶዶክስ ስለ ሆነ ብቻ የተዋሕዶ መለያ ነው ማለት አይቻልም። ስሙን የሰጡት የሰንጠረዥ አዘጋጆች እንጂ ሲኖዶስ አይደለም።

ሠንጠረዡ ጎረቤት አይመርጥም። ከ☦ አራት ቦታ አልፎ በ9770 በአፋር ምድር አብረውን የሚኖሩት ሙስሊሞች የሚታወቁበት ጨረቃና ኮከብ አለ። ከዚያ ሦስት ቦታ ዝቅ ብሎ በ9773 ማጭድና መዶሻ ይገኛል። ይህ ምልክት በደርግ ዘመን በየአደባባዩ የተሰቀለ ነው፤ ሁለተኛው ፓትርያርካችን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በግፍ የተገደሉትም በዚያው ሥርዓት በ1971 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ ምእመን ይህን ሲሰማ «መስቀሉን ከእርሱ አጠገብ ማን አስቀመጠው?» ብሎ ይቈጣል። ነገር ግን መመዝገብ ማክበር አይደለም፤ ታሪክ ጸሐፊም ስለ ስቅለት ሲጽፍ የጲላጦስን ስም ይጽፋል። ሠንጠረዡ ሰዎች በጽሑፋቸው የተጠቀሙበትን ይመዘግባል፣ ደግ ይሁን ክፉ አይለይም።

ጫፉ የታጠፈው መስቀል የባሰ አስቸጋሪ ነው። በእስያ በቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ የተቀደሰ ምልክት ነው፤ በቻይና ፊደላት መካከል አስቀድሞ ተመዝግቧል፣ በቲቤት ፊደል ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ገብቷል። በእኛም አገር በላሊበላ ቤተ ማርያም መስኮቶች ላይ ይህን የመሰለ ቅርጽ ተፈልፍሎ ይታያል። በሂትለር እጅ ከወደቀ በኋላ ግን የዓለም ሕዝብ ሲያየው የሚያስታውሰው እልቂቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ማይክሮሶፍት ከኦፊስ ጋር ባሰራጨው ቡክሼልፍ ሲምቦል 7 በተባለ ፎንት ውስጥ ይህ ቅርጽ በመገኘቱ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማስወገጃ አዘጋጅቷል። ከፎንት ሥዕልን ማንሣት ይቻላል፤ ከሠንጠረዥ ቁጥርን ማንሣት ግን አይቻልም።

ወደ ሰንደቅ ዓላማ እንምጣ፤ በበዓላት ሰሞን በየስልኩ ብዙ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነውና። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ኢሞጂ በሠንጠረዡ የራሱ ቁጥር የለውም። የተመዘገቡት 26 የፊደል ምልክቶች ናቸው፤ የአገሪቱ መለያ የሆኑት ኢ እና ቲ የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጐን ለጐን ሲሆኑ ስልኩ ሰንደቁን ይሥላል። በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰንደቅ ሳይሆን ሁለቱ ፊደላት ብቻ የሚታዩትም ለዚህ ነው። ስልኮች የሚሥሉት በመካከሉ ሰማያዊ መደብና ኮከብ ያለበትን ነው፤ ፎንት ሠሪዎች የመንግሥታትን ሕጋዊ ሰንደቅ ይከተላሉና። ዓርማው በአዋጅ ቁጥር 16/1988 የተደነገገ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ ያለ ዓርማው መጠቀምን ይከለክላል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽርና በጥምቀት ዑደት የሚታየው ግን ዓርማ የሌለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው፤ በዚህም ምክንያት በበዓላት ጊዜ ከጸጥታ አካላት ጋር ክርክር ሲነሣ ታይቷል። ወጣቶቻችን በስልክ መውጫ አግኝተዋል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሦስት ልቦችን ደርድረው ይልካሉ። ልቡ ለፍቅር ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ በኢትዮጵያውያን እጅ ግን ሰንደቅ ሆኗል። የምልክትን ትርጉም በመጨረሻ የሚወስነው ሠንጠረዡ ሳይሆን ተጠቃሚው ሕዝብ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ሰንደቁ በቁጥር ሳይሆን በአገር መለያ መያዙ ሌላም ውጤት አለው። ሞሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕዝበ ውሳኔ ሰንደቋ ላይ ሁለት ቀይ መስመር ስትጨምር ፎንት ሠሪዎች ሥዕሉን ለወጡ፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ መልእክቶችም በአዲሱ ሰንደቅ ይታዩ ጀመር። የክልሎችን ሰንደቅ በተመለከተ የአፋር ክልል ዓለም አቀፍ መለያ ስላለው በመርሕ ደረጃ በኮድ ሊጻፍ ይችላል። ሆኖም በዚህ መንገድ በስልኮች ላይ በስፋት የሚሣሉት የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የዌልስ ብቻ ናቸው። ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ የሰንደቅ ኢሞጂ ጥያቄ እንደማይቀበል አስታውቋል። ፖለቲካው ስለ ሰለቸው ይመስለኛል።

እንግዲህ የአባታችን ጥያቄ ይቀራል፦ የእኛ መስቀል የት አለ? የላሊበላው፣ የጎንደሩ፣ የአክሱሙ ዓይነት መስቀል በሠንጠረዡ የለም። የእኅት ቤተ ክርስቲያን የሶርያ መስቀል ግን በ9840 ተመዝግቧል። በቅብጥ ፊደል ክፍልም የመስቀልና የክርስቶስ ስም ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የምሥራቃውያኑ የሥርዓት መጽሐፍ የበዓላትን ደረጃ የሚለይባቸው የመስቀል ምልክቶች ተጨምረዋል። እነዚህ የገቡት ስለ ከበሩ አይደለም፤ በመጻሕፍት ውስጥ ከፊደል ጋር በአንድ መስመር ተጽፈው ስለ ተገኙ ነው። የእኛ መስቀል በእጅ የሚያዝ፣ በጉልላት የሚቆም፣ በብራና ዳር የሚሣል ነው። ማኅበሩ ይህን ሥዕል ይለዋል፤ ሥዕልን ደግሞ አይመዘግብም። ስለዚህ «ተንቀናል» ከማለት በፊት መስቀል በቃላት መካከል እንደ ፊደል የተጻፈባቸውን የብራና ገጾች ፈልጎ ማቅረብ ይሻላል። ይህ የአባቶችና የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ሰዎች ሥራ ነው።

ማስረጃ በቀረበበት ቦታ በሩ እንደሚከፈት የዜማ ምልክቶቻችን ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ5008 እስከ 5017 ባሉት ቦታዎች ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ ተመዝግበዋል። መምህራኖቻችን ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጧቸው ምልክቶች ስምንት ሲሆኑ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። የሠንጠረዡም ዐሥር ነው፤ ነገር ግን ያው ዐሥር አይደለም። ድርስና አንብር የሉበትም፤ በምትካቸው ርክርክ ለሁለት ተከፍሏል፣ የደረትና የሂደት ጥምርም ለብቻው ቆሟል። የዜማ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ከሠንጠረዡ ቢቈጥር ከየኔታ ጋር ይጣላል።

ሊቃውንት ይዘትን በጌታችን መያዝ፣ ጭረትን በግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክን በደሙ ነጠብጣብ ይተረጉሟቸዋል። ሠንጠረዡ ይህን ትርጓሜ አልያዘም፤ ሊይዝም አይችልም፤ የያዘው ቅርጹንና ስሙን ነው። ቅርጹም ቢሆን በድጓው ላይ እንደምናየው ከፊደሉ አናት ላይ በራሱ አይወጣም። ምልክቶቹ የተመዘገቡት ለብቻቸው ቦታ ይዘው እንዲቆሙ ስለ ሆነ ከንባቡ በላይ ለማስቀመጥ የገጽ አቀናባሪ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት የፊደል ምልክትም እንዲሁ ነው። ከንባቡ በላይ በደቂቅ የሚጻፉት ፊደላት በሠንጠረዡ ከተራው ፊደል አይለዩም። ድጓን ከመጽሐፍ ወደ ቴሌግራም የገለበጠ ሰው ምልክቱ ከንባቡ ጋር ተቀላቅሎ የማይነበብ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ድጓና ዝማሬ በምስል ወይም በፒዲኤፍ ቢላክ ይሻላል።

ቀይ ቀለምም ኮድ የለውም። በብራና ላይ ስመ አምላክና ስመ እግዝእትነ በቀይ ይጻፋል፤ ጽሑፉ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ግን ቅላቱ ይጠፋል። ፠ እና ፨ ሳይቀሩ ቀይና ጥቁር ነጥባቸውን ትተው ባለ አንድ ቀለም ይሆናሉ።

ፊደሉ ግን ምሉዕ ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእኛ ነው። ሠ እና ሰ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሠረቀ ስንል ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ ስንል ሌብነት ነው። መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ ደግሞ አስተማረ ነው። ለስልክ እነዚህ ጥንድ ቃላት ፈጽሞ የማይገናኙ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ በድረ ገጽ «ስላሴ» ብሎ የፈለገ ምእመን፣ የፍለጋው መሣሪያ ሞክሼዎቹን እንዲያስተባብር ካልተሠራ በቀር፣ «ሥላሴ» ተብሎ የተጻፈውን ትምህርት አያገኝም።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ከዚያ ወዲህ በጥሪያቸው ራስጌ ላይ ☦ን ትተው ካህኑ የሚይዙትን የእጅ መስቀል ፎቶ አንሥተው ያስገባሉ። በጽሑፉም መካከል መለያ ሲያስፈልጋቸው ፠ን ይጠቀማሉ፤ እርሱ የእኛው ነው፣ ቁጥሩም 4960 ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።