ከጋፋት ምድጃ እስከ አንቀጽ 14

ከእብናት እስከ ደብረ ታቦር ያለው ደጋ ለዘመናት የኖረው ራሱ በናቃቸው እጆች ነው። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጭ፣ ባለቤቱ ምጣድና እንስራዋን ከሸክላ ሠሪ፣ ሁለቱም ጋቢያቸውን ከሸማኔ ያገኛሉ። ባለእጁ ግን ቡዳ ተባለ፤ ዓይኑ ተፈራ፣ ከልጁ ጋር መጋባት ነውር ሆነ። በጎንደር አገር ብዙ ቤተ እስራኤል ወደ ብረትና ሸክላ የገቡት ርስት ተነፍገው ነው፤ በመጀመሪያ መሬት ከለከሏቸው፣ ቀጥለው በተረፋቸው ሥራ ሰደቧቸው። ዓፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የውጭ ባለሙያዎችን ሰብስበው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ፣ ምድጃው የንጉሥ ክብር አገኘ። ይሁንና ክብሩ በንጉሡ ፈቃድ ላይ የቆመ እንጂ ሕግ አልነበረም፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሲያልፉ እሱም አለፈ።

ሕግ የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ሰው ቀጥቃጩን እንዲወድ አላዘዘም፤ ስድቡን ብቻ ከለከለ፤ ትልቅነቱም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ልማድን አይሽርም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ንቀቱ ከአዋጁ በኋላም ኖሯል። የተሰደበው ግን «ተበደልኩ» ብሎ የሚቆምበት መሬት አገኘ። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. በሥራ ላይ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 አጸደቀች፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 ደግሞ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪና በአካል ጉዳት ሠራተኛን መለየት ከለከለ።

ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሠራተኞች ግን በዚህ ዝርዝር በስም አልተጠቀሱም። «የእነሱ ነገር የሥነ ምግባር እንጂ የሙያ ጉዳይ አይደለም» ይባላል። ቀጥቃጩስ በማረሻው ጥራት ተከሶ ያውቃል? ክሱ ሰው ይበላል የሚል ነበር፤ ከሳሾቹም ነፍሳቸውን የሚጠብቁ ይመስላቸው ነበር። ከባዱ ተቃውሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ይቀጣል የሚለው ነው። አዎ፣ ይቀጣል። ነገር ግን የሚቀጣው በፍርድ ቤትና በማስረጃ ነው፤ አሠሪው በሹክሹክታ ሰምቶ የሰው እንጀራ እንዲነጥቅ ሥልጣን አልሰጠውም። ደቡብ አፍሪካ በ1989 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለችው ሕገ መንግሥት በፆታ ዝንባሌ ማዳላትን በግልጽ ከለከለች። በእኛ አገር የተባረረው ሠራተኛ አቤቱታውን ቢጽፍ፣ አቤቱታው ራሱ በአንቀጽ 629 ሊያስከስሰው ይችላል።